ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 ካሻገርኩ በኋላ የመጋዘኑ ፕሮግራም አልነሳ አለ

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከስልክ ነው የምጽፈው። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደምንጠራቸው አስፍሬያለሁ፣ ትረዱኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የምሠራበት መጋዘን የመኪና መለዋወጫ ያከፋፍላል። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የምንመዘግብበት ፕሮግራም አለን። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሠርቶልን ነበር። ልጁ አሁን አገር ውስጥ የለም። ሶርስ ኮዱም እኛ ጋ የለም። በእጃችን ያለው የሚነሳው ፋይል ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሊኑክስ ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 አሻገርኩት። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ዝም ብዬ ልተወው አልፈለግኩም። ማሻገሩ ያለ ምንም ችግር አለቀ። ዛሬ ጠዋት የመጋዘኑ ልጅ አይኮኑን ሲጫን ግን ምንም አልመጣም። ተርሚናል ላይ ሳስነሳው እንዲህ የሚል መልእክት ሰጠኝ፦

«የጋራ ላይብረሪ መጫን አልተቻለም፦ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1፦ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም።»

ፈልጌ ፈልጌ አንድ ቦታ ላይ «ሊንክ ሥራለት» የሚል አገኘሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 አለ። እሱ ላይ 1.1 በሚል ስም ሊንክ፣ ማለትም ወደ እሱ የሚያመለክት ሌላ ስም፣ ሠራሁ። አሁን ደግሞ ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.1.1 የለም አለ። ለእሱም እንደዚያው አደረግኩ። ከዚያ መልእክቱ ተቀየረ፦ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም» ይላል።

ዕቃው በወረቀት እየተመዘገበ ነው። ደንበኛ ቆሟል። እባካችሁ።

ቶሎ_ቶሎ · ሰኞ፣ ጠዋት 3፡55

ወንድሜ አይዞህ፣ ቀላል ነው። የ20.04 ፓኬጆች የሚወርዱበትን ማከማቻ በሶርስ ሊስት ውስጥ ጨምረውና ፓኬጅ በሚጭነው በኤፒቲ፣ ኤፒቲ አፕዴት በል። ከዚያ ሊብኤስኤስኤል1.1ን ጫን። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሠርቶልኛል።

የከርነል_እህት · ሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

ቢጫ ኬብል፣ ማከማቻውን ገና ካልጨመርክ ቆይ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን የሠራሃቸውን ሁለቱን ሊንኮች አጥፋ። ከማጥፋትህ በፊት በኤልኤስ ሰረዝ ኤል እያቸው። ቀስቱ ወደ .3 የሚያመለክተውን ብቻ ነው የምታጠፋው። ዋናዎቹን .3 ፋይሎች እንዳትነካ አደራ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች፣ ስም ውስጡ ይጻፋል። የተጻፈው «ሊብኤስኤስኤል» ብቻ አይደለም። «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1» ነው፣ ከነቁጥሩ። ይህ ስም ሶኔም ይባላል። ቁጥሩ ጌጥ አይደለም። የላይብረሪው ሠሪዎች «ይህ ቁጥር እስካልተቀየረ ድረስ ከዚህ በፊት የተሠሩ ፕሮግራሞች ይሠራሉ» ብለው የሰጡት ቃል ነው። ቁጥሩን ሲቀይሩ ደግሞ «ከእንግዲህ የድሮዎቹ እንደገና መሠራት አለባቸው» እያሉ ነው። ሊብኤስኤስኤልና ሊብክሪፕቶ የሚመጡበት የምስጠራ ሶፍትዌር፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ 3.0 በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሆነው ይኸው ነው። 22.04 የያዘው 3ን ብቻ ነው። 1.1 ከማከማቻው ወጥቷል።

አንተ በሊንክ ያደረግከው የሰውን መታወቂያ ለሌላ ሰው እንደመስጠት ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ስሙን አይቶ አሳለፈው። ውስጥ ሲገባ ግን ፕሮግራሙ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚል ምልክት ያለበትን ፈንክሽን ስጠኝ» አለው። የለውም። ደግነቱ ይህ ምልክት ስላለ እዚያው ቆመ። ምልክት የሌለው ላይብረሪ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ተነስቶ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ፣ ዳታ እየጻፈ እያለ ሊወድቅ ይችል ነበር። የመጋዘን መዝገብ ላይ ይህ እንዲደርስብህ አልፈልግም።

የድሮውን ማከማቻ ስለመጨመር፦ ቶሎ ቶሎ፣ ለአንተ ሠርቶልህ ይሆናል፣ አልክድም። ግን ያ ማከማቻ የያዘው አንድ ፓኬጅ ብቻ አይደለም። የ20.04 ሙሉ ዕቃ ነው። ነገ ሌላ ነገር ስትጭን ኤፒቲ ከሁለቱ ወገን እየቀላቀለ ሊያመጣልህ ይችላል። ከዚያ በኋላ የትኛው ላይብረሪ ከየት እንደመጣ መለየት ትልቅ ጣጣ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሻገሩ ሊያልቅ ሲል «ጊዜ ያለፈባቸው ፓኬጆች ይወገዱ?» ብሎ ጠይቆህ ነበር?

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ጠዋት 4፡35

አዎ እህቴ! ጠይቆኛል። «ዋይ» ብዬ ኢንተር መታሁ። ቦታ ይለቃል ብዬ ነው።

ሊንኮቹን አጥፍቻለሁ። ማከማቻውንም አልጨመርኩም።

የከርነል_እህት · ሰኞ፣ ጠዋት 4፡45

በቃ ያኔ ነው የሄደው። ሊብኤስኤስኤል1.1 ከ20.04 የቀረ ፓኬጅ ነበር። ሲጠይቅህ ዝርዝሩን የሚያሳይ ምርጫም አለው። በሚቀጥለው ጊዜ እሱን አይተህ ነው አዎ የምትለው።

አሁን ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ግባና ኤልዲዲ በለው፣ ከዚያ የፕሮግራሙን ስም። እያንዳንዱ መስመር ላይ የላይብረሪው ስም፣ ቀስት፣ የተገኘበት ቦታ ይወጣል። «አልተገኘም» የሚሉትን መስመሮች ብቻ ላክልኝ። የመጀመሪያው መልእክት ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ብቻ ነው የሚነግርህ። ኤልዲዲ ግን የጎደሉትን በሙሉ በአንዴ ያሳይሃል። ሰው እዚህ ጋ ነው ጊዜውን የሚያባክነው፣ አንዱን ሲሞላ ሌላው ብቅ እያለ።

ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኤልዲዲን በማታውቁት ሰው በተሠራ ፋይል ላይ አትጠቀሙ። አንዳንዴ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ለማታምኑት ፋይል ኦብጅደምፕ ሰረዝ ፒ ብላችሁ «ኒድድ» የሚሉትን መስመሮች አንብቡ። እሱ ፋይሉን ያነባል እንጂ አያስነሳም። የቢጫ ኬብል ፕሮግራም ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ ችግር የለውም።

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ጠዋት 4፡58

ሁለት ብቻ ናቸው። ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 አልተገኘም። ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.1.1 አልተገኘም። ሌላው ሁሉ ቦታው ተጽፏል።

የከርነል_እህት · ሰኞ፣ ረፋድ 5፡15

ጥሩ ዜና ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ፓኬጅ ነው።

የኡቡንቱ ይፋዊ የፓኬጅ ገጽ ላይ ግባ። የ20.04 ስሙ ፎካል ነው። በፎካል ሥር ሊብኤስኤስኤል1.1ን ፈልግና ለኤኤምዲ64 (ለ64 ቢት) የሆነውን ዴብ ፋይል፣ ማለትም የተጠቀለለውን ፓኬጅ፣ አውርድ። ከሌላ ገጽ አታውርድ። ሰው ሰቀለው ከተባለ ቦታ የምስጠራ ላይብረሪ ማምጣት የቤትህን ቁልፍ መንገድ ላይ ካገኘኸው ሰው ማስቀረጽ ነው።

ካወረድክ በኋላ አትጫነው። ፍታው ብቻ። ዲፒኬጂ-ዴብ ሰረዝ ትንሹ ኤክስ፣ የዴቡ ስም፣ ከዚያ የምትፈታበት ባዶ ፎልደር። ውስጡ ሁለቱን ፋይሎች ታገኛለህ። ፕሮግራሙ ባለበት ፎልደር ውስጥ «ሊብ» የሚል ፎልደር ፍጠርና ሁለቱን እዚያ ቅዳቸው።

ቀጥለህ አንዲት አጭር ስክሪፕት ጻፍ። ሦስት መስመር ናት። መጀመሪያ የሼሉ መስመር። ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ከዚያ «ሊብ» ፎልደር ሙሉ አድራሻ ጋር እኩል አድርገህ ኤክስፖርት ታደርጋለህ። መጨረሻ ላይ ኤግዜክ ብለህ ፕሮግራሙን በሙሉ አድራሻው ትጠራለህ። ስክሪፕቷን የሚነሳ እንድትሆን ሲኤችሞድ ፕላስ ኤክስ በላት።

ለምን እንደዚህ? ያ ተለዋዋጭ ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ እንዲሠራ ስለምፈልግ ነው። ብዙ ሰው ባሽአርሲ ውስጥ ይጽፈዋል። ያኔ ከዚያ ተርሚናል የሚነሳ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል። ስሙ የሚመሳሰል ላይብረሪ እዚያ ካለ፣ ጤነኛ የነበረው ሌላ ፕሮግራም ይታመማል። ከወር በኋላ ምክንያቱን ማን ያስታውሰዋል?

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ተነሳ!!! ከተርሚናል ስክሪፕቷን ስጠራት ተነሳ። መዝገቡ ሁሉ አለ። የቅዳሜ የመጨረሻው ዕቃ፣ 12 የፍሬን ሸራ፣ ቁጭ ብሏል። እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ግን አይኮኑ አሁንም አይሠራም። ስጫነው ያው ዝም ነው።

ሽበት_እና_ሼል · ሰኞ፣ ቀን 6፡50

ልጄ፣ አይኮኑ የሚጠራው አሁንም የድሮውን ፋይል ነው። የዴስክቶፕ ፋይሉን በቴክስት ኤዲተር ክፈተው። «ኤግዜክ» ብሎ የሚጀምር መስመር አለ። እዚያ ላይ የፕሮግራሙ አድራሻ ተጽፏል። በስክሪፕቷ ሙሉ አድራሻ ተካው። ስክሪፕቷ ውስጥም ቢሆን አድራሻው ከስላሽ የሚጀምር ይሁን። አይኮን ሲጫኑ ከየትኛው ፎልደር እንደሚነሳ እርግጠኛ መሆን አይቻልምና።

ሌላም አለ። በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ እንዳታስነሳው። ሱዶ ያንን ተለዋዋጭ ይጥለዋል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በሱዶ ሞክሬው እምቢ አለኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ቀን 7፡10

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ልክ ነበሩ። ኤግዜክ መስመሩን ቀየርኩት። የመጋዘኑ ልጅ አሁን በአይኮኑ ከፍቶ እየሠራ ነው።

የከርነል_እህት · ሰኞ፣ ቀን 7፡30

ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ይፋዊ ድጋፍ በመስከረም 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የቀዳሃቸውን ሁለት ፋይሎች ደግሞ ከእንግዲህ ኤፒቲ አያያቸውም። አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ በራሳቸው አይደፈኑም። ፕሮግራሙ የሚገናኘው ከማን ጋር ነው? ከቢሮው ሰርቨር ጋር ብቻ ከሆነ ለጊዜው ይሂድ። ከውጭ ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ንገረኝ።

ለዘለቄታው ግን ያንን ልጅ ፈልጉት። ፕሮግራሙ በ3 ላይ እንደገና መሠራት አለበት።

ቢጫ_ኬብል · ሰኞ፣ ቀን 7፡40

ከቢሮው ዳታቤዝ ጋር ብቻ ነው። ሰርቨሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ልጁን በቴሌግራም ልፈልገው።

ሀዋሳ_ሐይቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

ሰላም ቤተሰብ። ርዕሱ ስለሚቀራረብ እዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ተቃራኒ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ገና 20.04 ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በሲ የጻፍነውን ፕሮግራም እሱ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል አድርጎ በፍላሽ ሰጠኝ። የእሱ 22.04 ነው። እኔ ጋ ሳስነሳው «ሊብሲ.ኤስኦ.6፦ ጂሊብሲ_2.34 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም» ይላል። የእኔን ጂሊብሲ፣ መሠረታዊውን የሲ ላይብረሪ (ሊብሲ)፣ ሳየው 2.31 ነው።

ከላይ እንደተባለው የሊብሲ6ን ዴብ ከ22.04 አውርጄ ብጭነውስ? ሐሙስ ለመምህራችን ማሳየት አለብን። ላብ ያሉት ኮምፒውተሮችም 20.04 ናቸው።

ሽበት_እና_ሼል · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ልጄ፣ እባክሽ እንዳትጭኚው። እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ይህን አንብቢ።

በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሴንትኦኤስ 7 የሚባል ሌላ ሊኑክስ ያለበት ሰርቨር ነበረኝ። የሴንትኦኤስ 7 ጂሊብሲ 2.17 ነው። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ኖድጄኤስ 18 እንዲጫን ተጠየቅኩ። ተዘጋጅቶ የሚወርደው ኖድ 18 ደግሞ 2.28 ይፈልጋል። እኔም «አንድ ፋይል ነው፣ ምን ይሆናል» አልኩ። አዲሱን ሊብሲ ሊብ64 ውስጥ ቀዳሁና ሊብሲ.ኤስኦ.6 የሚለውን ሊንክ ወደ አዲሱ አዞርኩት።

ኢንተር እንደመታሁ ኤልኤስ አልኩ። ስህተት። ሲፒ። ስህተት። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ለመግባት ሞከርኩ። አያስገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሊኑክስ ላይ የምንጠቀምበት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በሊብሲ ላይ ነው የቆመው። ሊብሲ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ከጫኚው ጋር፣ ኤልዲ-ሊኑክስ ከሚባለው ጋር፣ የተጣመረ ነው። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆኑ አይግባቡም።

ያዳነኝ አንድ ነገር ነው። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ተርሚናሌ ክፍት ነበር። ባሽ አስቀድሞ ሚሞሪ ላይ ስለነበረ የራሱ ትእዛዞች ይሠራሉ። ኤልኤስ ሲጠፋ ኤኮ ኮከብ እያልኩ ፋይሎቹን አየሁ። የድሮው ፋይል፣ ሊብሲ-2.17.ኤስኦ፣ አልተነካም። ያኔ ኤስቢን ውስጥ ያለችው ኤስኤልኤን ትዝ አለችኝ። ሊንክ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ምንም የጋራ ላይብረሪ አትፈልግም። ልክ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው የተሠራችው። በእሷ ሊንኩን ወደ 2.17 መለስኩት። ኤልኤስ አልኩ። መጣ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያንን ተርሚናል ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ድረስ ሄጄ በፍላሽ ማስነሳት ነበረብኝ። ለኖዱ ደግሞ መፍትሔው 16ን መጠቀም ነበር። እሱ በ2.17 ይሠራል። ሴንትኦኤስ 7 በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ሲያልቅ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ተዛወረ።

የከርነል_እህት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ጋሼ የነገሩሽን ያዢ። ኤፒቲ ራሱ እምቢ ሲልሽ በግድ አትጫኚ።

የአንቺና የቢጫ ኬብል ችግር ሲያዩት አንድ ይመስላል። አይደለም። የእሱ አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ሲስተም ላይ ነው። የጎደለውን አሮጌ ላይብረሪ ጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ስሙ ስለሚለይ ከአዲሱ ጋር አይጋጭም። የአንቺ አዲስ ፕሮግራም አሮጌ ሲስተም ላይ ነው። ሊብሲ.ኤስኦ.6 ደግሞ ስሙ ለብዙ ዓመታት አልተቀየረም፣ 6 ነው። ውስጡ ግን እያንዳንዱ ፈንክሽን የገባበት ቨርዥን ተጽፎበታል። አዲሱ ጂሊብሲ የድሮዎቹን ምልክቶች ሁሉ ይዟል። ስለዚህ የድሮ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ይሠራል። የአንቺ 2.31 ግን ገና ያልነበረውን 2.34 ከየት ያመጣል?

«እኛ እኮ ምንም አዲስ ፈንክሽን አልተጠቀምንም» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አልተጠቀማችሁም። 2.34 በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፒትሬድና ሌሎችም ለብቻ የነበሩ ላይብረሪዎች ወደ ሊብሲ ተቀላቀሉ። ፕሮግራምን የሚያስጀምረው ፈንክሽንም አዲስ የ2.34 ምልክት ተሰጠው። ስለዚህ 22.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም፣ «ሰላም» ብሎ ከመጻፍ በቀር ሥራ ባይኖረው እንኳ፣ 2.34ን ይጠይቃል።

ግን የእናንተ ችግር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኮዱ የእናንተው ነው አይደል?

ሀዋሳ_ሐይቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

አዎ፣ የራሳችን ነው። ሲ ፋይሎቹ እኔም ጋ አሉ።

የከርነል_እህት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

እንግዲያው የሰጠሽን ፋይል እርሺውና አንቺ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል አድርጊው። የኮምፓይል መሣሪያዎቹን የያዘው ቢልድ-ኢሴንሻል ከሌለሽ እሱን ጫኚ። 20.04 ላይ የተሠራው በላቡም በጓደኛሽም ላይ ይነሳል። ከዛሬ ጀምሮ የምታስረክቡትን የምትሠሩት በአንቺ ማሽን ላይ ይሁን፣ አሮጌው የአንቺ ስለሆነ።

ከጨረስሽ በኋላ አረጋግጪ። ኦብጅደምፕ ሰረዝ ትልቁ ቲ ብለሽ ጂሊብሲ የሚለውን በግሬፕ ለይው። ከሚወጡት ቁጥሮች ትልቁን እዪ። 2.31 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ላብ ገብተሽ አታፍሪም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ነው የምታነቢው፣ 2.7 ከ2.31 ያንሳል።

ኮድ የሌላችሁ ግን ምርጫችሁ ሌላ ነው። የፕሮግራሙን የቆየ ቨርዥን ፈልጉ። ወይም ሲስተሙን አሻግሩ። ወይም ዶከር ወይም ፖድማን ተጠቀሙ። ኮንቴይነር ከርነሉን ይጋራል እንጂ የራሱን ሊብሲ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የእናንተን አይነካም። ፍላትፓክም የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ግን መጀመሪያ ሲጫን መቶዎች ሜጋባይት ያወርዳል፣ በሞባይል ዳታ ላላችሁ አስቡበት። አፕኢሜጅን ግን አትተማመኑበት። ብዙውን ጊዜ ሊብሲን አይዝም። አዲስ ማሽን ላይ ከተሠራ አሮጌው ላይ ያው 2.34 ብሎ ይቆማል።

ሀዋሳ_ሐይቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

ሠራ። ትልቁ ቁጥር 2.7 ነው። ጓደኛዬ ጋም ልኬለት ተነስቷል። ጋሼ፣ የሰርቨሩን ታሪክ ለክፍል ልጆች ግሩፕ ላይ ልለጥፈው? ሊብሲ ለመጫን ያሰበው ሌላም ልጅ አለ።

ሽበት_እና_ሼል · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡45

ለጥፊው ልጄ። ኤስኤልኤንን እንዳትረሺ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡20

እዚህ አሜሪካ ገና ማታ ነው። ይህን ክር ሳነብ የራሴ ትናንት የበላኝ ነገር መፍትሔ ተገለጠልኝ። የራሱን ላይብረሪዎች ለብቻ በሚይዘው በኮንዳ ውስጥ ፓይተን እየሠራሁ «ጂሊብሲኤክስኤክስ_3.4.30 አልተገኘም» ይለኛል። ማሽኔ 22.04 ነው። ሲስተሙ ውስጥ ያለውን የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ፣ ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሳየው 3.4.30 አለው። ቀኑን ሙሉ «አለ እኮ!» እያልኩ ነበር።

አሁን መልእክቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ፊት ለፊቱ ላይ የፋይሉ አድራሻ ተጽፏል። አድራሻው የሲስተሙ አይደለም። የኮንዳ ፎልደር ውስጥ ያለው ነው። ፓይተን የሚያየው እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ አሮጌ ነው። ያንኑ ላይብረሪ ከኮንዳ-ፎርጅ አድሼ አለፈ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ሳይ ነበር፣ አድራሻውን ሳላይ።

የከርነል_እህት · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ይህን ስለጻፍክልን በጣም አመሰግናለሁ። መልእክቱ ሦስት ነገር ነው የሚነግረን። የትኛው ፋይል ተከፈተ፣ ምን ተፈለገበት፣ የፈለገው ማን ነው። ብዙ ሰው መሃሉን ብቻ ያነባል።

አድራሻው ግልጽ ካልሆነ ኤልዲ_ዲበግ እኩል ይሆናል ሊብስ ብላችሁ ከፊቱ አስቀድማችሁ ፕሮግራሙን አስነሱ። ጫኚው የትኛውን ፎልደር በምን ቅደም ተከተል እንዳየ፣ የቱ ጋ እንዳገኘ አንድ በአንድ ይጽፋል። ረጅም ነው፣ ግን አይዋሽም።

ቶሎ_ቶሎ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እኔም ልጠይቅ። አንድ የድሮ የፕሪንተር ፕሮግራም አለኝ። ፋይሉ አለ። ኤልኤስ ሳደርግ አየዋለሁ። ሳስነሳው «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል። ፈቃዱም ልክ ነው። ኤልዲዲ «ዳይናሚክ አይደለም» አለኝ። ምን ጉድ ነው?

ሽበት_እና_ሼል · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

«ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀምና ስሙን ስጠው። 32 ቢት ይልሃል ብዬ እገምታለሁ። የለም የተባለው የአንተ ፋይል አይደለም። እሱን የሚያስነሳው የ32 ቢት ጫኚ ነው የሌለው። ዲፒኬጂ አድ-አርክቴክቸር አይ386 በል። ከዚያ ኤፒቲ አፕዴት። ከዚያ ሊብሲ6 ኮለን አይ386 ጫን። በኋላ ኤልዲዲ በለው፣ የቀረውን ራሱ ይነግርሃል።

ቶሎ_ቶሎ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

32 ቢት ነበር። ጫኚው ሲገባ ኤልዲዲም መናገር ጀመረ። ሊብካፕስ ጎድሎት ነበር፣ እሱንም በአይ386 ጫንኩት። ታተመ። ጋሼ እናመሰግናለን። የከርነል እህት፣ ያንን የ20.04 ማከማቻም ከማሽኔ ላይ ዛሬ አወጣዋለሁ።

የከርነል_እህት · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡50

ጎበዝ። ካወጣኸው በኋላ ኤፒቲ ሊስት ኢንስቶልድ ብለህ «ሎካል» የሚል የተጻፈባቸውን እይ። ከድሮው ማከማቻ የቀሩት እዚያ ይታያሉ። ቀስ ብለህ አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አታጥፋ።

ወደ 24.04 ለምታሻግሩም አንድ ነገር ልበል። ከ2038 እ.ኤ.አ. የሰዓት ችግር ጋር በተያያዘ ብዙ የላይብረሪ ፓኬጆች ስማቸው መጨረሻ ላይ ቲ64 ተጨምሮበታል። ሊብአሳውንድ2 ስትሉ «የሚጫን የለም» ካለ፣ ሊብአሳውንድ2ቲ64 በሉ።

ቢጫ_ኬብል · ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡20

ልጁን አገኘሁት! በቴሌግራም መለሰልኝ። ኮዱ እሱ ጋ አለ። «የእናንተው ነው፣ ቀድሜ መስጠት ነበረብኝ» አለኝ። እሁድ በርቀት ገብቶ አብረን እንደገና እንሠራዋለን። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ በየትኛው ማሽን ላይ ኮምፓይል እናድርገው?

የከርነል_እህት · ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡35

እዚያው የመጋዘኑ 22.04 ላይ። ሊብኤስኤስኤል-ዴቭን ጫኑ፣ ከ3 ጋር ይያያዛል። ሲያልቅ ኦብጅደምፕ ሰረዝ ፒ ብለህ «ኒድድ» መስመሮቹን እይ። ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 ካለ ያንን «ሊብ» ፎልደርና ስክሪፕቷን ማንሳት ትችላለህ። የድሮውን ፋይል ግን ለአንድ ወር በሌላ ስም አስቀምጠው። የዳታቤዙንም ኮፒ ቅዳሜ ማታ ያዝ።

ቢጫ_ኬብል · እሁድ፣ ማታ 1፡10

አልቋል። ኤስኦ.3 ይላል። ኤግዜክ መስመሩን ወደ ዋናው ፋይል መልሻለሁ። አሁን የመጋዘኑ ልጅ ሰኞ ጠዋት በወረቀት የመዘገባቸውን 43 መስመሮች እያስገባ ነው። እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ይመታል። 31ኛው ላይ ደርሰናል።